ሦስት ጊዜ የፈላ ውሃ

ሶሃን ባይ የስምንት ቀን ጾማቸውን የጨረሱ ዕለት የሰፈሩ ሴቶች ከበሮ ይዘው እየዘፈኑ እደጃችን ድረስ መጡ። በእምነታቸው ልማዱ እንዲህ ነው። ስምንት ቀን ሙሉ እህል ሳይቀምስ፣ በቀን ብርሃን የፈላ ውሃ ብቻ እየጠጣ የከረመ ሰው የአበባ ጉንጉን ተጠልቆለት፣ በጋሪ ተቀምጦ ሰፈሩን ይዞራል። ሶሃን ባይ ግን በሩን ገርበብ አድርገው፣ "አሞኛል፤ ሌላ ቀን" አሉና መልሰው ዘጉት። እኔ ከፎቅ ሆኜ በመስኮት አያለሁ። ከበሮው ጥቂት ግራ እንደ መጋባት ብሎ ዝም አለ። አንዷ ሴት ጉንጉኑን የበሩ መያዣ ላይ አንጠልጥላው ሄደች። እስኪመሽ ድረስ እዚያው ጠወለገ።

እሳቸው ቤት ፎቅ ላይ የገባሁት በሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ኡዳይፑር ኮሌጅ ውስጥ ታሪክ ላስተምር አዲስ የተቀጠርኩ ጊዜ። "የራስህን ቤት እስክታገኝ" ብለው ነበር ያስገቡኝ። አሁን ሃምሳ ሁለት ሞልቶኛል። ቤቱን አላገኘሁም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚተዳደሩት ፓፓድ እየዳመጡ በመሸጥ ነው። ፀሐይ በወጣ ቀን ሁሉ እደጄ ያለው ሰገነት እንደ ወረቀት በሳሳ የምስር ቂጣ ይሸፈናል። ከኮሌጅ ስመለስ እንዳልረግጠው አንድ እግር የምታስኬድ መንገድ ይተዉልኛል። ሃያ ስድስት ዓመት በዚያች መንገድ ተመላልሻለሁ።

በየዓመቱ በክረምቱ ማለቂያ፣ የይቅርታው በዓል ሲደርስ፣ ካርዶቻቸውን የምጽፍላቸው እኔ ነኝ፤ ጽሕፈታቸው ስለሚያሳፍራቸው። ቃሉ ለሁሉም አንድ ነው፦ "ሚቻሚ ዱካዳም። አውቄም ይሁን ሳላውቅ፣ በሐሳብ፣ በቃል ወይም በሥራ ያስከፋሁዎት እንደሆነ ይቅር ይበሉኝ።" ለዘመድ፣ ለጎረቤት፣ ለአትክልት ሻጩ፣ አንድ ዓመት ደግሞ ለቆጣሪ አንባቢው ሳይቀር ጽፌያለሁ። ዘንድሮ ካርዶቹ አልቀው አንድ ሲቀር እጄን ያዙኝ። የቀረው የጌንዲ ባይ ነበር። ጌንዲ ባይ የባላቸው ታላቅ ወንድም ሚስት ናቸው፤ የባላቸው ወላጆች ትልቁ ቤት የመጀመሪያዋ ምራት።

"ይሄን ተወው" አሉኝ።

"ተጣሉ እንዴ?"

"ተወው አልኩህ፣ መምህር።"

በዓሉ ባለፈ በአሥረኛው ቀን ደረጃውን ወጥተው በሬን አንኳኩ።

"እሑድ ትምህርት የለህም፤ አይደል?"

"የለኝም።"

"አምባውን ማየት እፈልጋለሁ። ኩምባልጋርን። ከዚያ ራናክፑር፣ ቤተ መቅደሱ። ጌንዲ ባይ ክረምቱን እዚያው የተሳላሚዎች ቤት ነው የሚከርሙት።"

"ሁለቱንም ባንድ ቀን?"

"ፈረንጆቹ ባንድ ቀን አይተው ይመለሱ የለ?"

"ፈረንጆቹ ስምንት ቀን አልጾሙማ።"

"የጾምኩት እኔ፤ አንተን ምን አደከመህ?"

እሑድ ሲነጋ ቬላራም ጂፑን አምጥቶ ደጃፍ ላይ አቆመ። ቬላራም ሀገር ጎብኚ ወደዚያ ሲያመላልስ የኖረ ሾፌር ነው። ጢሙ ጉንጩን አልፎ ጆሮው ይደርሳል፤ አፉም አያርፍም። ከከተማው እንደወጣን መንገድ ዳር አቁሞ ትኩስ የድንች ጥብስ በጋዜጣ አስጠቅልሎ መጣ።

"ይቅመሱ፣ ባይሳ" አለ፣ እመቤቴ እንደ ማለት፣ ወደ ኋላ ዞሮ እያቀረበላቸው።

"ከመሬት ተነቅሎ የሚወጣ ነገር እንደማንበላ አታውቅም?"

"አውቃለሁ። ግን ድንች ምን አደረገችዎት?"

"ምንም አላደረገችኝ፤ እኔም ምንም አላደርጋት።"

ቬላራም እየሳቀ ነዳ። ሶሃን ባይ ከዘንቢላቸው ደረቅ ቂጣ አውጥተው ለሁለታችን አካፈሉን። እሳቸው አልበሉም። ውሃቸውንም አልነኩትም። መንገዱ ወደ ተራራው ሲገባ ጉሙ ወረደ። የአራቫሊ ተራሮች በዚያ ወር ሌላ ጊዜ የማያውቁትን አረንጓዴ ይለብሳሉ። ቬላራም መብራት አብርቶ፣ በየጥምዝምዙ ጥሩምባ እየነፋ ወጣ።

የአምባው በር ላይ ስንደርስ ከፊታችን ካለው ድንጋይ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። ዳገቱን ቀስ እያልን ጀመርነው። አንዱን በር አለፍን፤ ሁለተኛውን አለፍን። ከአንዱ በር ሥር ቀይ ቀለም የተቀባ ትንሽ መቅደስ አለ። ድሮ ግንቡ በተሠራ ቁጥር እየፈረሰ ቢያስቸግር፣ አንድ መናኝ በፈቃዱ አንገቱን ሰጥቶ ቆመ ይባላል። ሶሃን ባይ ቆም ብለው አዩት።

"ይሄን ሁሉ ግንብ ባንድ ሰው ራስ ላይ?"

"ተረት ነው።"

"ተረትም ቢሆን፤ ከሥር ምን እንዳለ እያወቁ እንዴት ተኙበት?"

ጥቂት ወጣ እንዳልን ጥላ ያለው ቅስት ሥር ደረስን። እዚያ የድንጋይ መቀመጫ ላይ ዐረፍ አሉ።

"እዚህ ድረስ ነው የመጣሁት" አሉ።

"መቼ? አይቼው አላውቅም አላሉኝም?"

"አላየሁትማ። እዚህ ድረስ ነው የመጣሁት።"

ከዚያ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው፣ እንደ ደብዳቤ ሲያስጽፉኝ ረጋ ብለው ነገሩኝ።

"ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ባገባሁ በሁለተኛው ክረምት። ጂጂ የሠላሳ ቀኑን ጾም ጀመሩ።" ጌንዲ ባይን ጂጂ ነው የሚሏቸው፤ ታላቅ እኅት ማለት ነው። "ሠላሳ ቀን፣ መምህር። በቤታችን ማንም ሞክሮት አያውቅም። ውሃ ማፍላት የእኔ ሥራ ሆነ። ሦስት ጊዜ መፍላት አለበት። ሲገነፍል ታወርደዋለህ፤ ትጥደዋለህ፤ ደግሞ ታወርደዋለህ። ሦስቴ ካልሆነ በውስጡ ሕይወት አለው፤ ለጿሚ አይሆንም። በሃያ ሁለተኛው ቀን የሰፈሩ ወጣቶች አውቶቡስ ተከራይተው አምባውን ሊያዩ ተነሡ። ባሌም 'ነይ፣ አንቺም' አለኝ። አማቴ 'ውሃዋን አፍልታ ትሂድ' አሉ። እንጨቱ ርጥብ ነው። ጭሱ ዓይኔን ይለበልበኛል። አውቶቡሱ እታች ጥሩምባውን ይነፋል። ውሃው ለብ ብሎ ነበር፤ ለብ ብቻ። አወረድኩት። 'ጂጂ፣ ደርሷል' አልኳቸው። 'ሦስቴ?' አሉኝ። 'ሦስቴ' አልኩ። ሮጥኩ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ እዚህ ደረስን። እንደ ዛሬው ጉም። እጄን ብዘረጋ ጣቴ አይታየኝም። ዝናቡ ጣለ፣ ሾፌሩም መንገዱ ሳይቆረጥ እንመለስ አለ፣ ተመለስን። ለጉም ነው የዋሸሁት፣ መምህር።"

የቀረውን አውቀው ነበር። ጌንዲ ባይ ሠላሳውን ቀን ጨርሰው በፈረስ ጋሪ ከተማውን ዞሩ። ጋሪው ላይ እንዳሉ የተነሡት ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ የትልቁ ቤት ሳሎን በር በላይ ተሰቅሏል። እዚያ ቤት አዲስ ሙሽራ ስትገባ መጀመሪያ የምትነካው የእሳቸውን እግር ነው። ዘንድሮ እደጃችን ከበሮው ሲመታ ለምን በሩ እንደተዘጋ አሁን ገባኝ። ሶሃን ባይ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ስምንት ቀን ጾመው፣ ስምንት ቀን የራሳቸውን ውሃ ሦስት ሦስት ጊዜ ሲያፈሉ የትኛው ቀን ትዝ ሲላቸው እንደከረመ ገባኝ።

"አርባ አምስት ዓመት ካርድ ልከውላቸዋል" አልኩ። "ይቅርታ ጠይቀዋል እኮ።"

"'አውቄም ይሁን ሳላውቅ' እያልኩ። እኔ እኮ አውቄ ነው።"

"ቢነግሯቸው ምን ያተርፋሉ? ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ነው። በሕይወታቸው ካላቸው ሁሉ የሚበልጠውን ጾም ሊወስዱባቸው ነው። እርስዎ ቀለል ይልዎታል፤ እሳቸው ግን ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ።"

የተማረ ሰው ንግግር ነበር። ሶሃን ባይ እስክጨርስ ታገሡኝ።

"እሱን እኮ ነው አርባ አምስት ዓመት ለራሴ ስነግረው የኖርኩት። እያንዳንዱን ቃል። እሳቸውን ላድን ነው ዝም ያልኩት እያልኩ። ግን ማንን እንዳዳንኩ በየዓመቱ ይበልጥ እየጠፋኝ መጣ።"

ተነሥተን ወጣን። በየሃያ እርምጃው እየቆምን፣ ግማሽ ላይ ደርሰን ከዚያ በላይ እግራቸው እምቢ ባለ ጊዜ ጉሙ ካንድ ወገን ተቀደደ። ግንቡ ወጣ። ሸንተረሩን እየተከተለ፣ ሸለቆ ገብቶ ሌላው ተራራ ላይ ደግሞ እየታየ ሄደ። ከላዩ ሁለት ፍየሎች ይራመዱበታል።

"ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው።"

"ረጅም ነው" አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ "መጨረሻው የት ነው?"

"ዞሮ ራሱ ላይ ይገጥማል።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ደስ አላቸው ወይም ከፋቸው ለማለት አልችልም። ዕቃ ገዝቶ ቤት ገብቶ በብርሃን እንደሚያየው ሰው ነበር አስተያየታቸው። ጉሙ ተመልሶ ሲዘጋ፣ "እንሂድ፤ ሳይመሽ እንድረስ" አሉ።

ራናክፑር የደረስነው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ከተራራው በዚያኛው በኩል ጉም የለም፤ ፀሐይ ጫካው ላይ ወጥታለች። በሩ ላይ ዘበኛው አስቆመኝና ወገቤን አየ።

"ቆዳ አይገባም።"

ስንት ጊዜ መጥቼ ስንት ጊዜ እንደረሳሁት። ቀበቶዬንና የኪስ ቦርሳዬን ፈትቼ ሰጠሁት። ሱሪዬ ደግሞ ሰፊ ነው። ባንድ እጄ እንደያዝኩት ገባሁ።

"ታሪክ አስተማሪ ነው" አሉት ሶሃን ባይ ለዘበኛው። "ያለፈውን ያስታውሳል፤ የዛሬውን ነው የሚረሳው።"

የቤተ መቅደሱ ዓምዶች ከሺህ በላይ ናቸው፤ አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም። በመካከላቸው ሰው መፈለግ ጫካ ውስጥ እንደ መፈለግ ነው። ስለዚህ የአካባቢው ሰው ሁሉ የሚቀጣጠረው አንድ ቦታ ነው፤ ዘንበል ያለው ዓምድ ሥር። ጌንዲ ባይ እዚያ ነበሩ። ነጭ ሳሪ ለብሰው፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ጆሯቸው እንደ ወጣት የሚሰማ ሴት ናቸው።

"ሙሽሪት መጣች" አሉ። ሶሃን ባይ ስድሳ ሰባት ዓመታቸው ነው። "ካርድሽ ቀረብኝ ዘንድሮ። መምህርሽ ቀለም ጨረሰ?"

ሶሃን ባይ ጎንበስ ብለው እግራቸውን ነኩ። እንደ ነኩም አልተነሡም። እዚያው እብነ በረዱ ላይ ቁጭ ብለው እጃቸውን አጋጠሙ።

"ሚቻሚ ዱካዳም፣ ጂጂ።"

"ሚቻሚ ዱካዳም" አሉ ጌንዲ ባይም፣ እንደ ደንቡ ቶሎ። መልሱ ይሄው ነው፤ ሁለቱም ይባባሉና ያልቃል። ግን ሶሃን ባይ እጃቸውን አላወረዱም። ጌንዲ ባይ መቁጠሪያውን አቆሙ። አየት አደረጓቸውና፣ በዚያ አገር ማንም ሰው ማንንም የማይጠይቀውን ጠየቁ።

"ለየትኛው?"

ሱሪዬን እንደያዝኩ ሁለት ዓምድ ያህል ፈቀቅ አልኩ። እብነ በረድ ግን ድምፅ አይውጥም። ሶሃን ባይ ሁሉንም ነገሯቸው። እንጨቱን፣ አውቶቡሱን፣ ለብ ያለውን ውሃ። "ሦስቴ" ያሉበትን ሲደርሱ ድምፃቸው ወረደ፤ ቃሉ ግን አልቀረም። ጭስ ነበር፣ ልጅ ነበርኩ፣ አላሉም።

አንድ ቤተሰብ ዓምዶቹን እየቆጠረ፣ እየተሳሳተ፣ እየተሳሳቀ አለፈ።

"ሃያ ሁለተኛው ቀን ነው ያልሽው?"

"አዎን፣ ጂጂ።"

"ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሆዴን ቆረጠኝ። አስመለሰኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ሐሳቤ ቢጠራ ገላዬ አይከዳኝም ነበር፣ ደካማ ነኝ፣ ለስም ነው የምጾመው ብዬ አለቀስኩ። ልተወው ምንም አልቀረኝም።" መቁጠሪያውን ባንድ እጃቸው ጨበጡት። "ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው እግሬን ሲነካ፣ 'ይቺ በሃያ ሁለተኛው ቀን ልትወድቅ የነበረች ናት' እላለሁ በልቤ። ፎቶግራፉን ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም። አርባ አምስት ዓመት የራሴ ድክመት መስሎኝ።"

ሶሃን ባይ ፊታቸው አመድ መሰለ። እንዲህ ያለ ነገር ይኖራል ብለው አስበው አያውቁም ነበር፤ እኔም አላሰብኩም። አምባው ላይ ስመክር ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ ያልኳቸው ሴት ለካ እስከ ዛሬ የሌላ ሰው ሸክም ይዘው ነበር።

"ይመልሱልኝ" አሉ ሶሃን ባይ። "የእርስዎ አይደለም። የእኔ ነው።"

"ተናድጃለሁ፣ ሙሽሪት።"

"ይገባዎታል። እኔ..."

"ዝም በዪ። አርባ አምስት ዓመት አልቸኮልሽም፤ አሁንም አትቸኩዪ።"

ብርሃኑ ከዓምድ ወደ ዓምድ እየቀላ ሄደ። ጌንዲ ባይ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀመጡ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ጣቶቻቸው ግን መቁጠሪያውን አይቆጥሩም። እንዲህ ሆነው ምን ያህል እንደቆዩ አላውቅም። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞር አሉ።

"መምህር፣ ሰዓቱ ስንት ነው?"

"አሥራ አንድ ከሩብ ሆኗል።"

"ፀሐይ የምትጠልቀው?"

"አሥራ ሁለት ከአርባ ላይ።"

መሬቱን ተደግፈው ተነሡ። ሶሃን ባይ ሊያግዟቸው እጃቸውን ቢዘረጉ አልያዙትም።

"ነይ፤ ውሃ አፍዪልኝ" አሉ።

የተሳላሚዎች ቤት ወጥ ቤት ትልቅ ነው። የምሽቱ ምግብ ፀሐይ ሳትጠልቅ መበላት ስላለበት በዚያ ሰዓት ሁሉም ይሯሯጣል። ወጥ ቤቱን የሚያዘው ሰው ጌንዲ ባይን ሲያይ እጁን ጠራረገ።

"የፈላ ውሃ በርሜል ሙሉ አለ፣ እናቴ። ከጠዋት ጀምሮ የቀዘቀዘ።"

"እሱ የአንተ ነው። አንድ ምድጃ ስጣት፤ ድስትም።"

ጥግ ላይ አንድ የጋዝ ምድጃ ለቀቁላቸው። ሶሃን ባይ በንጹሕ ጨርቅ አጥልለው ውሃውን ድስት ውስጥ ጨመሩ፤ ጨርቁ ላይ የቀረ ነፍስ እንዳይሞት በጥቂት ውሃ አለቅልቀው ውሃውን ወደ መጣበት መለሱት። ከዚያ ጣዱ። ጌንዲ ባይ በርጩማ ስበው ተቀመጡ። ከምድጃው ፊት ለፊት መስሎኝ ነበር የሚቀመጡት። በርጩማውን ወደ በሩ አዞሩት፤ ጀርባቸውን ለእሳቱ ሰጥተው፣ ውጭ ያለውን ዛፍ እያዩ ተቀመጡ። አንድ ጊዜ እንኳ ዘወር አላሉም።

ውሃው ቶሎ አልፈላም። ወይም ለእኛ እንደዚያ መሰለን። መጀመሪያ ከሥሩ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ትናንሽ አረፋ አወጣ፤ ከዚያ ድምፅ አመጣ፤ ከዚያ ተንተከተከና ገነፈለ። ሶሃን ባይ አወረዱት። እስኪረጋ ጠብቀው ጣዱት። ሁለተኛው ፈጠነ። አወረዱት። ከደጅ ዛፉ ላይ ያለው ብርሃን ወደ ጫፉ እየወጣ ነበር፤ ወጥ ቤቱን የሚያዘው ሰው ደጋግሞ ሰዓቱን ያያል፣ እኔንም ያያል፣ ሱሪዬንም ያያል። ሶሃን ባይ ሰዓት አላዩም። ሦስተኛውን ጣዱ። ሲገነፍል ወዲያው አላነሡትም፤ ትንሽ ተዉት። የድስቱ ክዳን ተንቀጠቀጠ። ከዚያ በሳሪያቸው ጫፍ ይዘው አወረዱትና ሰፊ የናስ ትሪ ላይ ገለበጡት። እንዲበርድም ከትሪው ወደ ድስቱ፣ ከድስቱ ወደ ትሪው እያገላበጡ፣ እንፋሎቱ ፊታቸውን እየሸፈነው ቆሙ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ካለፈ ጥቂት ደቂቃዎች በኋላ በነሐስ ኩባያ ቀድተው ለጌንዲ ባይ በሁለት እጃቸው አቀረቡ።

ጌንዲ ባይ ኩባያውን ሳይቀበሉ፣ አሁንም ዛፉን እያዩ፣

"ሦስቴ?" አሉ።

"ሦስቴ፣ ጂጂ።"

ተቀበሉ። ገና ትኩስ ስለነበር እያራገቡ፣ ቀስ እያሉ ጠጡት። ግማሽ ላይ ሲደርሱ አቁመው ኩባያውን መለሱላቸው።

"የቀረውን አንቺ ጠጪ። ከንፈርሽ ደርቋል። ዛሬ ውሃ ነክተሻል?"

"አልነካሁም።"

"ጠጪ እንጂ፤ ፀሐይ አትጠብቅሽም።"

ሶሃን ባይ ቆመው ጠጡ። ከዚያ ሁለቱ ሴቶች ባንድ በርጩማ ላይ፣ ጀርባቸውን ለእኔ ሰጥተው፣ ብርሃኑ ከዛፉ ላይ ሙሉ በሙሉ እስኪወርድ ተቀመጡ። ይቅር ብዬሻለሁ ሲሉ አልሰማሁም። ስንለያይ ጌንዲ ባይ ያሉት፣ "ለመጪው ዓመት ካርድ አትላኪ፤ ራስሽ ነይ" ብቻ ነው።

ቀበቶዬን ከዘበኛው ተቀብዬ ጂፑ ጋ ስንደርስ ቬላራም ሞተሩን አሙቆ ይጠብቀን ነበር። ምንም አልነገርነውም፤ የሶሃን ባይን ፊት ግን በመስታወት አየ።

"ታዲያ እንዴት ነው፣ ባይሳ? ታረቃችሁ?"

ሶሃን ባይ ጭናቸው ላይ ያለውን ዘንቢል አስተካከሉ።

"ውሃ አፈላሁላቸው" አሉት።